የሎርና አራት ደቂቃ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

በረዶ የቀላቀለ ዝናብ። ሐይቁ አይታይም። ዴል ጠዋት ጠራኝ። የጥብቅና ቢሯችን ኃላፊ ነውና መጨነቁ አይገርምም፤ የደንበኞች ምስጢር በኢንተርኔት ስልክ እንዲሁ ተጋልጦ መሄድ የለበትም አለ። አሥራ ሁለቱም የቢሮ ስልኮች፣ ማንም ጠልፎ እንዳይሰማቸው፣ እስከ ዓርብ ይመስጠሩ። የስልክና የኮምፒውተር ባለሙያው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ያልተመሰጠረ ጥሪ እቀዳለሁ፣ ኋላ ከተመሰጠረው ጋር ላወዳድር። ከጠረጴዛዬ ወደ ዕቃ ክፍሉ ስልክ መደወል ነበረብኝ። ሰነፍኩ... በመስመሩ ከሚያልፉት አንዱን ያዝኩ። የሥራ ባልደረባዬ ሎርና ነበረች።

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ምሳ በልተናል። ከእህቷ ጋር ነው የምታወራው። ጡቷ ላይ እብጠት... ናሙና ወስደዋል... ውጤቱ ለ24 ተቀጥሯል... "ቢሮ ውስጥ ማንም እንዳይሰማ።"

እዚያው ማቆም እችል ነበር። አራት ደቂቃ። እስከ መጨረሻው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

የምትወደውን ሮዝ ክሬም ያለበትን ኬክ ገዛሁላት። የወረቀት ካርቶኗንም ተሸከምኩላት።

"ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ልታገባኝ አስበሃል እንዴ?"

ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ደግነት ነው ይሄ? ወይስ...

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ስልኮቹ ላይ ሁሉ ጥሪውን የሚመሰጥረውን ዲጂታል ሰርተፍኬት ጫንኩ። አሁን ጥሪ ሲጀመር ስክሪኑ ላይ ትንሽ የጓጉንቸር ምልክት ትወጣለች። ከጠረጴዛዬ ወደ ዕቃ ክፍሉ ደውዬ ቀዳሁ፣ አዳመጥኩ። ሹክሹክታ እንኳ የለም፤ እንደ ዝናብ ያለ ጩኸት ብቻ። ዴል ጎበዝ አለኝ።

የሎርናን ቅጂ አጠፋሁ። ከማጥፋቴ በፊት ደግሜ ሰማሁት። ለምን?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ስብሰባ። ዴል ወደ ኬኖራ ከተማ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ለሎርና ሰጠ። ከዚህ አምስት ሰዓት በላይ መንዳት ነው፣ በዚህ በረዶ።

"እሷን ተዋት፣ አሁን አትችልም" አልኩ። አመለጠኝ።

ዴል ምን ሆነሽ ነው አላት። ምንም አልሆንኩም፣ እሄዳለሁ አለች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ቀረ።

ኋላ ዕቃ ክፍል መጣች። በሩን ዘጋችው።

"ለእህቴ ብቻ ነው የነገርኳት። ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ስልክ።"

ጥሪዋን የቀዳሁት ለሙከራ እንደነበር ነገርኳት።

"ስንት ደቂቃ ሞከርከኝ?"

"አራት።"

"ኬኩም ከዚያ ነው የመጣው በለኛ።"

ይቅርታ የሚለውን ቃል ያገኘሁት ከወጣች በኋላ ነው።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 17

ምሳ ብቻዬን።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ዛሬ ነው ውጤቷ። ሌሎቹ አያውቁም። እኔም ማወቅ አልነበረብኝም።

ጓጉንቸሯ በሁሉም ስልኮች ላይ ትወጣለች። ማንም ጠልፎ መስማት አይችልም፣ እኔም ጭምር። በደንብ ነው የሠራሁት። ሰው ሁሉ እንደ ልቡ ያወራል።

ከምሳ በፊት የሎርና ወንበር ባዶ ሆነ። የቢሮ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። እሷ ሞባይሏን ይዛ፣ ኮት እንኳ ሳትደርብ፣ መኪና ማቆሚያው በረዶ ላይ ቆማለች። ከመስኮቴ ትታየኛለች። አንድ እጇ አፏ ላይ ነው። ትስቃለች? ታለቅሳለች? ትንሽ ብቆይ ይለይልኝ ነበር...

መጋረጃውን አወረድኩት።