ቆራሌው አይሸጥም

ጥር 14 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ኮልፌ

ጎረቤቴ ጌታነህ አሮጌ ጠብመንጃ እየገዛሁ ስወለውል ባየኝ ቁጥር "ቆራሌው" ይለኛል። ዛሬ ጠዋት ግን አንገቱን ደፍቶ መጣ። አርበኛው አባቱ አርፈዋል፤ ለቅሶው ላይ የሚያዝ ጠብመንጃ እንዳውሰው ለመነኝ።

ምንሽሩን አወጣሁለት። አምና መርካቶ ዝገት በልቶት ያገኘሁት ነው። ባለቤቴ ሰደፉ ላይ የተቀረጸውን ስም በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው ብላኝ ነበር፤ እምቢ ብዬ በተልባ ዘይት ብቻ አሸሁት።

ጌታነህ ስሙን ሲያነብ ፊቱ ጠቆረ። የአባቱ ነው። ሽማግሌው ሳያውቁ ለብረታ ብረት ነጋዴ የሸጠው ራሱ እንደሆነ ነገረኝ።

"ወንድሜ፣ በሞቴ ሽጥልኝ" አለኝ።

ክፉ ነው ይበለኝ፤ እንዲህ አልኩት፦ "ለለቅሶው ይዘህ ሂድ፤ በሰልስቱ ትመልሳለህ። ቆራሌው ይገዛል እንጂ አይሸጥም።"