አውራው ቀንዱን ሲጥል አይቻለሁ

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ብዕሩን የያዘችው ወይንሸት ናት፣ የልጄ የዳዊት ሚስት። ቃሉ ግን የእኔ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትም። ሐኪሙ አባትየው በየቀኑ የዋሉትን ጽፋችሁ ሐሙስ አምጡ ስላለ ነው የምናገረው። ወይንሸት፣ እንዳታሳምሪው። እንዳልኩት ጻፊ።

ትናንት ዳዊት ከቶሮንቶ ወጣ ብሎ ያለ የእንስሳት እርባታ ወሰደን። ኤልክ የሚሉት አለ። ፈረስ የሚያክል አጋዘን ነው። ሴቶቹ ከነግልገላቸው ለብቻ፣ ወንዶቹ ለብቻ ሆነው በረዶው ላይ ቆመዋል። ከወንዶቹ አንዱ አውራ ነው፣ ቀንዱ የዛፍ ቅርንጫፍ። እሱ ድርቆሹ ጋ ሲደርስ ሌሎቹ ገለል ይላሉ። ዳዊትና ወይንሸት ድንች ጥብስ ሊበሉ ገቡ፣ እኔ አጥሩ ጋ ቀረሁ።

አውራው ራሱን ነቀነቀ። ግራ ቀንዱ ዱብ አለ። በቃ። አልተዋጋም፣ አልጮኸም። ወዲያው ቀጫጭን ቀንድ ያላቸው ጎረምሶች መጥተው ከድርቆሹ ገፈተሩት። ዝም ብሎ ሄደ።

እኔ ደብረ ብርሃን ገበያ አርባ ዓመት በሬ ሸጫለሁ። ቀንዱን ዳብሼ ዕድሜውን እናገር ነበር። የተሰበረ ቀንድ ደም ያንዠቀዥቃል፣ በሬው ያጓራል። ይህ አልተሰበረም። ወደቀ።

መኪና ውስጥ ነገርኳቸው። ዳዊት ሳቀ። «አባዬ፣ ቀንድ እኮ ቅጠል አይደለም፣ አይረግፍም» አለ። ደግሜ ነገርኩት። ሁለተኛ ጊዜ አልሳቀም። ከኋላ የተቀመጠችውን ሚስቱን በመስታወቱ አያት። አይቻለሁ፣ ዓይኔ ደህና ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

ቶርንክሊፍ ለሚኖረው ለመኩሪያ ደወልኩ። አብረን በሬ የነዳን ሰው ነው፣ እሱ ይፈርዳል ብዬ።

«አንተ ሰውዬ፣ መነጽርህን አድርገህ ነበር?»

«መነጽር የለኝም።»

«እንግዲያው ግዛ! ቀንድ የሚጥል ከብት የት አገር ነው ያለው?»

ስልኩን ዘጋሁበት።

ዛሬ የሠራሁት፦ ታጠብኩ። መድኃኒቴን ራሴ ዋጥኩ። እስከ ዌስተን ባቡር ጣቢያ ሄጄ ሳልጠፋ ተመለስኩ። ምድጃ አልነካሁም። ባለፈው ወር ሽሮ አሳርሬ፣ የእሳት ደወሉ ጮኾ፣ ሕንፃው በሙሉ በፒጃማ ደጅ ወጥቷል። አልካድኩም፣ ይጻፍ።

ማታ ወይንሸት ከሥራ ስትገባ፣ በመስታወቱ ምን ተባባላችሁ ብዬ አፋጠጥኳት። ዳዊት የአረጋውያን መኖሪያ ፎርም ሞልቷል። «ሐኪሙ አእምሯቸው ደክሟል ካለ ነው የሚሄዱት፣ አባባ» አለችኝ። ይሄን ስል እጇ ቆመ። ጻፊ አልኳት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ሐኪሙ ነጭ ሽማግሌ ነው። ዳዊት እኔ አስተረጉማለሁ ቢለው እምቢ ብሎ በስልክ አስተርጓሚ አገናኘን። ሴት ናት፣ ድምጿ የጎጃም። ዳዊት በእንግሊዝኛ አስረዝሞ ተናገረ። እኔ የምሰማ አልመሰለውም። ሴትዮዋ ግን ሥራዋ ነውና ሁሉንም ወደ እኔ አመጣችው።

«ልጅዎ የሚሉት፣ አባቴ የአውሬ ቀንድ ብቻውን ሲወድቅ አየሁ ይላሉ። አንዳንድ ቀንም እኛን ልጆቻቸውን አያውቁንም።»

ሐኪሙ ስለ ቀንዱ ሲሰማ ፈገግ አለ። «ወሩ እኮ ነው! በየዓመቱ ይጥሉና እንደገና ያበቅላሉ። ትልልቆቹ ቀድመው ይጥላሉ። አባቴ ቤት በሩ ላይ አንድ የወደቀ ቀንድ ተሰቅሏል።» ሃያ ዓመት እዚህ አገር የኖረው ልጄ ይህን አያውቅም። እኔን አሳበደኝ እንጂ አንድ ሰው አልጠየቀም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ወደ ዳዊት ዞርኩና «ቀንዱን ተወው። መቼ ነው ያላወቅኩህ?» አልኩት።



ሴትዮዋ ይሄንንም ተረጎመች። ሐኪሙም ወደ ዳዊት ዞሮ ጠበቀ። ዳዊት ጫማውን አየ።

ሐኪሙ ሦስት ቃል አስያዘኝ፣ ቆይቶ ሲጠይቀኝ አንዱ ጠፋኝ። አልዋሽም። ፎርሙ ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሄድም አለኝ። ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ አለ።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ዳዊት ከሥራ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «አባዬ፣ የመኖሪያው ወረፋ ዓመታት ነው። ሕመሙን ከበድ ካላደረጉት አይጠሩም። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። ይቅርታ አላለም። «እኔና ወይንሸት ቀን ሥራ ላይ ነን፣ ቤቱን ቢያቃጥሉትስ?» አለ። ሽሮውን ያሳረርኩት እኔው ነኝ። ግን ወደ እኔ መጥቶ ይህንኑ መናገር ይችል ነበር። በእኔ ላይ መዋሸት ለምን አስፈለገው?

ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው። የጣቴን አሻራ ይፈልጋል። ዛሬ አልሰጠሁም። ነገም አልሰጥም። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

የዚያ የአውራው ቀኝ ቀንድም እስካሁን ወድቆ ይሆናል። እሱስ ያበቅላል።

ወይንሸት፣ አታልቅሺ፣ ወረቀቱ ይበላሻል። ዳዊት ሳሎን ነው፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶታል። በይ አሁን አንብቢልኝ። ከሰኞ ጀምሪ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፣ በሩንም አትዝጊው።