ሜላት መርፌ መውጋት ተማረች

ለናፍቆቴ ለእኅቴ በቀለች፣ የአገራችን የጥርባ ጉም አዳማ ድረስ መዝለቅ ቢችል ሰላምታዬን ባሸከምሁት ነበር። እንደምን አለሽልኝ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ገብሱ ዘንድሮ አምሯል። የባለቤቴ የይሄነው የእግር ቁስልም ደርቋል። ባለፈው ሳምንት ለስኳራችን ክትትል አብረን እንጅባራ ሄድን። ነርሷ እሱን፣ «ደረትዎን ካመመዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ «ስኳር የሴትን ልብ ሲነካ ደረት ላያም ይችላል። ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ይሰማዎታል?» አለችኝ። ይሄነው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ፣ «የለም፣ እሱን ብቻ እዩልኝ» አልኋት።

ስንመለስ ከሚኒባስ ወርደን ትንሽ እንደሄድን ዘንገና ሐይቅ ዳር አረፍ አልሁ። ውሃው ሰማዩን አቅፎ ተኝቷል። ላብ በላብ ሆኜ ሳየው ነፍሷን ይማርና የእናታችን ድምፅ ከሥሩ በአገውኛ ሲጠራኝ የሰማሁ መሰለኝ። ደስ የሚል ድምፅ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አለኝ ይሄነው።

«ውሃው አምሮኝ ነው» አልሁት።

ሜላት አድጋልሻለች። እስከ ዛሬ አባቷን የስኳር መርፌ የምወጋው እኔ ነበርሁ፤ ሰሞኑን እሷን አስተማርኋት። «እማ፣ አንቺ እያለሽ ለምን?» ብትለኝ፣ «ሁለት ሰው ቢያውቀው አይከፋም» አልኋት። እጇ እንደ ላባ ነው፤ አባቷ መወጋቱንም አላወቀ።

ለመስቀል ነይ። ሜላት የምታውቅሽ በስልክ ብቻ ነው፤ ትልመድሽ። ከቻልሽ ግን መስቀልንም አትጠብቂ።

በዓይነ ሥጋ ለመተያየት ያብቃን።

እኅትሽ ሀይማኖት