አንዲት ሽንብራ ያዘገየችው ፋሲካ

ግንቦት 12 ቀን 1931 ዓ.ም.
ከቡሬ በታች፣ ከአፋፉ መንደር

ውድ የኔታ ወልደ ሥላሴ፣

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ታቦቱን ይዛችሁ የገባችሁበትን ዋሻ አገኘሁት ብሎ ክንዱ ሲነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅሁት ሳልዎን ነበር። "ይስላሉ፤ ስለው ሲያበቁ ደግሞ ይቆጣሉ" አለኝ። ቁጣዎ ካለ ደህና ነዎት ማለት ነው። ወዲያው ብራና ፍለጋ ተነሳሁ፤ ያገኘሁት ግን ይህን የጣሊያን ወረቀት ነው። ከየት እንደመጣ ክንዱ ራሱ ይንገርዎ።

እኛ ደህና ነን። ሚስቴ ሸጋዬ ደህና ናት፤ ምላሷም ደህና ነው። የክንዱ እናት እመት ሀብትነሽ እግራቸውን ያማቸዋል እንጂ ሰው ከመምከር አልቦዘኑም። የምጽፍልዎ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ጥፋቴን ልነግርዎ ነው። ከሌላ ሰው አፍ ሰምተውት ይሆናል፤ በሌላ ሰው አፍ ግን ጀብዱ ሆኗል።

የተለያየን ዕለት ያሉኝን አልረሳሁም። ባሕረ ሐሳቡን ጨርሼ ደጅዎ ላይ ቆሜ፣ "የኔታ፣ ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ልቤ ውስጥ እምነት ብፈልግ አጣሁ" ያልኩዎት ቀን ማለቴ ነው። ይመቱኛል ብዬ ነበር። አልመቱኝም። "ስላልዋሸኸኝ ደግ አደረግህ። እንግዲህ ግን በበዓሉ ማዕድ አትቀመጥ። ሳይጾም የሚፈስክ ሰው ሌባ ነው" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሰርቄ በላሁ። ምን ላድርግ የኔታ፣ በዓል እወዳለሁ። የተኳረፈ ሲታረቅ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጎራረስ፣ ከበሮ ሲመታ ማየት እወዳለሁ። እግሬ ደግሞ ለመጨፈር ሃይማኖት አይጠይቅም። ግን በየዓመቱ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስውጥ ቃልዎ ጉሮሮዬ ላይ ይቀመጥ ነበር። ይህን ለሸጋዬም ነግሬያት አላውቅም።

ወደ ነገሬ ልምጣ። እናንተ ወደ አባይ በረሃ ከወረዳችሁ በኋላ መንደሩ ያለ ቄስ ቀረ። ጠላት መንገዱን ስለያዘው ጅጋ ገበያ የሚወጣም ጠፋ፤ ከሌላው አገር ወሬ የሚያመጣልን አልነበረም። ጥር ላይ ክንዱ እህል ሊወስድ ከዱር መጣና፣ "ዘንድሮ ፋሲካ መቼ ነው?" አለ። ማንም አያውቅም።

"ዱር ያለነው አሥራ ሁለታችንም ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ ተንተርሰናል" አለ። "ፋሲካን ግን ከቤታችን ሳንፈስክ አንቀርም። ቀኑን ቁረጡልን፤ በዋዜማው እንወርዳለን።"

ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ረቡዕና ዓርብ ወተት የምጠጣውን እኔን።

"ምን ይደረግ፣ የተማረው እሱ ብቻ ነው" አሉ እመት ሀብትነሽ። "ጾም ቢክድ ቁጥር አይክድም።"

መደብ ላይ ተቀምጬ እርስዎ እንዳስተማሩኝ በሽንብራ ቆጠርኩ። ዓመተ ዓለሙን፣ ከፍጥረት ጀምሮ ያለውን ዓመት፣ በአሥራ ዘጠኝ ስገድፈው ሁለት ሽንብራ ተረፈ። ከተረፈው ላይ አንዱን ለዘመኑ ማንሳት እንዳለብኝ በእርጥብ አርጩሜ አስተምረውኛል። ልክ እጄን ስዘረጋ ሸጋዬ ከምድጃው በኩል፣ "አንተ የማትጾመው፣ ለጿሚ ቀን ቆራጭ ሆንክ?" ብላ ሳቀችብኝ። ዞር ብዬ መለስኩላት። ምን እንዳልኳት እንኳ አላስታውስም። ወደ ቆጠራዬ ስመለስ ሁለቱም ሽንብራዎች እዚያው ነበሩ፤ በሁለቱ ቀጠልኩ።

"ሚያዝያ ሃያ ሁለት!" አልኩ በኩራት።

እመት ሀብትነሽ ጣታቸውን እየቆጠሩ፣ "ዘንድሮ ጾሙ ዘገየሳ። ጨረቃዋም አላማረችኝ" አሉ።

"እመቴ፣ ጨረቃ ባሕረ ሐሳብ አልተማረችም" ብዬ ሰው አሳቅሁባቸው። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ሚያዝያ አንድ ቀን ማለዳ፣ በእኛ ቆጠራ ጾሙ ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ መንደሩ ተከበበ። ከቡሬ ምሽግ የመጡ ወታደሮች ናቸው፤ ፊት ፊት የሚመራቸው ባንዳ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ዱር የገቡት ልጆች ለፋሲካ መውረዳቸው አይቀርም ብለው፣ ጠላ ጠጥተው በተኙበት ሊይዟቸው ነበር የመጡት። ቤት ለቤት ገቡ፣ አልጋ ገለበጡ፣ ጎተራ በሳንጃ ወጉ። ከእኔና ከሽማግሌዎቹ በቀር ወንድ የለም። ጠላ የለም። አንዱ ድስት ሲከፈት ሽሮ፣ ሌላው ድስት ሲከፈት ሽሮ። ዶሮዎቹ አንድም ሳይጎድሉ ግቢውን ይጭራሉ።

ባንዳው ግራ ገባው። "ዛሬ ፋሲካ አይደለም እንዴ?" አላቸው እመት ሀብትነሽን።

"ለእናንተ ይሆናል ልጄ" አሉት ተልባቸውን እያማሰሉ። "እኛ ጾም ላይ ነን። ትቀምሳለህ?"

ለአለቃው ምን ብሎ እንዳስረዳው አላውቅም። ፀሐይዋ ሳትከር ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እኔ ቤት ገብቼ ሽንብራዬን አፈሰስኩ። እንደገና ቆጠርኩ። ለዘመኑ የምትነሳዋን ሽንብራ ሳላነሳ እንደቆጠርኩ ያኔ ገባኝ። ፋሲካ ያን ዕለት ነበር። በእኔ ምክንያት መንደሩ በሁዳዴ ሦስት ሳምንት ሥጋና ወተት በልቷል፤ ትንሣኤውንም በተልባ ውሎታል።

ወጥቼ ልናገር ስል ሰው እየሳቀ ገባብኝ። "አንተ ተንኮለኛ! አውቀህ ነው ለካ ቀኑን የገፋኸው!" ይላል አንዱ። "ጠላት እንደሚመጣ ቀድሞ ገብቶታል" ይላል ሌላው። ግንባሬን የሳመኝ ብዙ ነው። አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። ግን ውዳሴ ይጣፍጣል የኔታ፤ መልሼ ዘጋሁት። እመት ሀብትነሽ ብቻ፣ "በሉ የጀመርነውን እንጨርስ። አምሳ አምስቱ ቀን ሳይሞላ፣ ልጆቻችንም ሳይወርዱ ማንም አይፈስክም" አሉ። ሁሉም ተስማማ።

በዚያው ቀን ሸጋዬ እንደ ልማዷ ወተቴን አቀረበችልኝ። አልወርድልህ አለኝ። ይህ ሁሉ ሰው በእኔ ስህተት ሦስት ሳምንት ሲጨመርበት እኔ ወተት ልጠጣ?

"ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ነገርኳት። ምሰሶውን ይዛ እስክትቆም ድረስ ሳቀች። ከዚያ ወተቱን ለድመቷ ሰጠችና፣ "እንግዲህ ጹማ" አለችኝ።

ጾምኩ። እንደ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየቆየሁ፣ ሃያ አንድ ቀን። ለማንም አልጸለይኩም። ረሃቡ ግን እውነተኛ ረሃብ ነበር፤ ከሰው እኩል ስራብ ደግሞ ከሰው እኩል ፋሲካን ናፈቅሁ።

በዋዜማው ልጆቹ ወረዱ። ጠላት በዓሉ አልፏል ብሎ ምሽጉ ውስጥ ተኝቷል፤ የሚከታተላቸውም አልነበረም። ያን ደስታ እንዴት ብዬ ልጻፈው? ሚስቱ እርጉዝ ሳለች ዱር የገባው ዘሩ የሁለት ወር ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ጠመንጃውን ማውረድ ረስቶ አቀፋትና ስሟን አደይ አላት። እመት ሀብትነሽ የክንዱን እግር አጥበው ሲያበቁ፣ "ይህ እግር የማነው? የእኔ ልጅ ተረከዝ ለስላሳ ነበር" እያሉ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ። ጠዋት ዶሮ ወጡ ደረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ትልቁ ድፎ ዳቦ መሃል ተቀመጠ።

"ካህን የለንም" አለ ክንዱ። "ዳቦውን ያዳነን ሰው ይቁረስልን።" ቢላዋውን እጄ ላይ አኖረው።

የኔታ፣ ያኔ ቃልዎ መጣ። ቢላዋውን መልሼ አስቀመጥኩ። "ልቁረስ አልችልም" አልኩ። "ተንኮል አልነበረም። ስቆጥር አንዲት ሽንብራ ረስቼ ነው። ሦስት ሳምንት በጾም አስበልቻችኋለሁ፤ ሦስት ሳምንት በፋሲካ አስጹሜያችኋለሁ። ስታመሰግኑኝ ደግሞ ዝም አልኩ።"

እመት ሀብትነሽ ትክ ብለው አዩኝ።

"ከዚያ ቀን ወዲህ ወተት አልጠጣህም አሉ" አሉ። "እውነት ነው?"

"እውነት ነው እመቴ።"

"ታዲያ ቁረሳ፤ ወጡ ቀዘቀዘ።"

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ክንዱ፣ "ሽንብራዋ የታለች? አርበኛ ናት፤ ማዕረግ ይገባታል!" እያለ ቤቱን ያምሳል። እመት ሀብትነሽ የእግዜር ሥራ ነው ይላሉ፤ እኔ የሽንብራ ሥራ ነው እላለሁ። አልተጣላንም። ዳቦውን ቆረስኩ፣ እሳቸው አጎረሱኝ፤ ጉርሻዋም ያለ ምንም ከልካይ ወረደች። ከበሮው እስኪላላ ጨፈርን።

አሁንም አላመንኩም የኔታ። እንደ ድሮው ሳልዋሽ እነግርዎታለሁ። የዘንድሮውን ፋሲካ ግን አልሰረቅሁም።

የከርሞውን ቆጥሬ ሚያዝያ ሃያ አግኝቻለሁ። አንዷን አንስቻለሁ፤ ቢሆንም እባክዎ ይዩልኝ። ተሳስቼ እንደሆነ ቁጣዎን በክንዱ ይላኩልኝ። ልክ ከሆንኩ ደግሞ ራስዎ ይምጡና ዳቦውን ይባርኩልን፤ እኔ ከበሮውን እይዛለሁ፤ በመሶቡ ዙሪያም ከአጠገብዎ እቀመጣለሁ።

ደብዳቤው በተጠቀለለበት ጨርቅ ጫፍ የተቋጠረችው ያቺ ሽንብራ ናት። ቆሎ መስላዎት እንዳይበሏት።

የሃያ አንድ ቀን ጿሚ ተማሪዎ፣
ደረሰ