ባለቤቴ ጥይት መሙላት የማያውቅ ስለ መሆኑ

ኅዳር ፮ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለጠመንጃ ማስረከቢያ ጽሕፈት ቤት የበላይ ሹም
ካዛንችስ

ጉዳዩ፦ ለመጪው እሑድ አደን የተሞላው ጥይት እንዳይተኮስና የሞላውም ሰው እንዲፈታልኝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች ወይዘሮ ቡዜ ሊካሳ፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ነዋሪ ስሆን፣ በጽሕፈት ቤትዎ የታሰረው የኮርቻ ሰፊው የአቶ ገብረጻድቃን ሚስት ነኝ። ይህን ማመልከቻ የሚጽፍልኝ የደብሩ ደብተራ ገብረአምላክ ነው። ቃሌን ላለዝበው እያለ ደጋግሞ ለምኖኛል፤ እምቢ ብዬዋለሁ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ለሚገኘው ድፍረት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ለጽሕፈቱ ማማር ደግሞ እሱ ይመስገን።

፩. ጠመንጃው የአባቴ የአቶ ሊካሳ ነበር። አባቴ አዳኝ ነበሩ። አንድ አርመን ጠመንጃ ሠሪ የአንዱን አገር አፈሙዝ ከሌላው አገር ሰደፍ ጋር አጋብቶ፣ ሞርዶና አስተካክሎ ለእርሳቸው ብቻ የሠራው ነው። ጥይቱም እንደዚያው ነው፤ የትልቅ ጥይት ቀለህ አንገቱ ጠብቦ ትንሽ እርሳስ እንዲጎርስ የተደረገ። እንዲህ ያለ ጥይት የሚያወጣ ፋብሪካ የለም፣ ገበያም ላይ አይገኝም። የተተኮሰው ቀለህ ተለቅሞ እንደገና በእጅ ይሞላል። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አርመኑ ሥራውን ለእኔ አስተማረኝ። ከዚያ ወዲህ የዚያን ጠመንጃ ጥይት የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አልነካውም። ጥይት የሚሞላ ሰው ጢም ሊኖረው ይገባል የሚል አዋጅ ወጥቶ እንደሆነ አልሰማሁም።

፪. ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ ሲታወጅ አባቴ አርፈው ስለ ነበር፣ ጠመንጃውን ከተሞላው ጥይት ጋር ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የተረከቡኝ በእርስዎ ሥር የሚያገለግሉት ጣሊያናዊ መኮንን፣ ሰዎቻችሁ ቴኔንቴ የሚሏቸው ናቸው። መጋዘን ይገባል አሉኝ። መጋዘን የተባለው የራሳቸው ትከሻ መሆኑን የተረዳሁት፣ ካዛንችስ አዲስ በሚሠሩት የሹማምንት ቤቶች በኩል ሳልፍ፣ የአባቴን ጠመንጃ አንግተው ለአደን ሲወጡ ባየሁ ጊዜ ነው። መንግሥት ሲወስድ ወረሰ ይባላል። ቴኔንቴ ለራሳቸው ሲወስዱ ግን ስሙ ሌላ ነው፤ ደብተራው ያንን ቃል አልጽፍም ስላለኝ ትቼዋለሁ።

፫. ቴኔንቴው በአባቴ ጠመንጃና በእኔ ጥይት አዋሽ ዳር ወርደው ሲተኩሱ ውለው አንድ ከርከሮ እንኳ ሳይጥሉ ተመለሱ። ጥይቱንም ጨረሱት። ከርከሮዎቹ ዛሬም በሰላም እንደሚኖሩ እገምታለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ የሳተው ዓይናቸው ነው፤ እርሳቸው ግን ጥይቱ ደካማ ነው ብለው ፈረዱ። አባቴ በዚያው ጥይት ጎሽ ጥለዋል። ጎሹም ጥይቱ ደካማ ነው ብሎ አልተከራከረም።

፬. አሁን ወደ ባለቤቴ ልምጣ። ገብረጻድቃን ኮርቻ ሲሰፋ እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን አልክድም። ችግሩ አፉ ነው። ከአባቴ ጋር አደን የወጣው ስንቅ ተሸክሞ ነበር። ከተመለሰ በኋላ በየጠጅ ቤቱ ሲወራ ጎሹን የጣለው እሱ ሆነ። ቆይቶም ጥይቱን የሚሞላው እሱ ሆነ። እኔም ጠጅ ቤት ገብቼ ባሌን ላዋርድ አልፈለግሁም። ባለፈው ሰሞን ሲፎክር ግን የጽሕፈት ቤትዎ አስተርጓሚ አባዲ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠጣ ነበር። በማግስቱ ዘበኞች መጥተው ቤቴን በረበሩ። ከጓዳዬ ትንሿን ሚዛኔን፣ የቀለሁን አንገት ማጥበቢያ ብረትና አንድ ከረጢት ባዶ ቀለህ አወጡ። የማን ነው ብለው ሲጠይቁ እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ዘሎ «የእኔ ነው! የማንም አይደለም፣ የእኔ ነው!» አለ። ለጉራው ብሎ ይሁን እኔን ለመከለል እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ከእሱ ሁለቱም ይጠበቃል።

፭. ይከሰሳል ብዬ ስጠብቅ እስር ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ቀረበለት። ቴኔንቴው እሑድ አደን ስለሚወጡ ጥይት ሙላ፣ ጥሩ አድርገህ ከሞላህ ትፈታለህ ተባለ። ትናንት ስንቅ ይዤለት ስሄድ በበሩ ስንጥቅ አየሁት። እጅጌውን ሰብስቧል። ምን ዓይነት እንደሆነ እኔም እሱም የማናውቀውን፣ ከእናንተ መጋዘን የመጣ ባሩድ በአረቄ መለኪያ እየሰፈረ በቀለሁ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ቴኔንቴው የሰጡትን ሲጋራ ያጨሳል። አመዱን የሚያራግፈው በእኔ ሚዛን ላይ ነው። «ተው አንተ ሰው፣ ታልቃለህ!» ብዬ ብጮህበት «ሂጂ አንቺ! ያለፈው ደካማ ነው ብለውኛል፤ አሁን ዝሆን የሚጥል ነው የምሠራላቸው» አለኝ። ዘበኛው ሳቀ። እሱም ደስ ብሎት አብሮ ሳቀ።

ባለቤቴ ባሩድ ሲበዛ ወንድነት የሚበዛ ይመስለዋል። ቴኔንቴውም እንደዚያው ይመስላቸዋል። እነዚህን ሁለት ሰዎች ፈልጎ ያገናኘ አምላክ ምን ሊያሳየን እንደፈለገ አላውቅም።

፮. ክቡር ሆይ፣ ያ ጥይት ከተተኮሰ ጠመንጃው በያዘው ሰው ፊት ላይ ይፈነዳል። የቴኔንቴው ፊት የቴኔንቴው ጉዳይ ነው፤ ስለ እሱ ብዬ የደብተራውን ቀለም አልጨርስም። ነገር ግን ጠመንጃው በፈነዳ ማግስት ባለቤቴ ሆን ብሎ ሹም ገደለ ተብሎ እንደሚሰቀል አውቃለሁ። ሹም ለመግደል አስቦ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ቀብሬው ቀና ብዬ እሄድ ነበር። አላውቅም ማለት አፍሮ ሲሰቀልብኝ ግን አልችለውም። ፈርቻለሁ፤ ይህንንም ደብተራው እንዲጽፈው ያዘዝኩት እኔው ነኝ።

፯. ይህንኑ በቃል ለአስተርጓሚው ለአባዲ ብነግረው «እትዬ ቡዜ፣ ሴትና ባሩድን ምን አገናኛቸው?» ብሎ መለሰኝ። በጽሑፍ ያመለከትሁት ስለዚህ ነው። ይህን ወረቀት የሚያነብልዎ እሱ ስለሚሆን፣ ይህቺን አንቀጽ ሳይዘል እንዲያነብ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ስለዚህ የምለምነው ይህ ነው። ባለቤቴ የሞላው ጥይት ሁሉ ውኃ ውስጥ ይጣልልኝ። ከዚያ እኔንና እሱን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጡን፤ ባዶ ቀለህና ሚዛኗን፣ አመዷ ተጠርጎ፣ በፊታችን ያድርጉ። ማን እንደሚያውቅና ማን እንደሚያወራ ወዲያው ይለዩታል። የባሩዱን መጠን እዚህ አልጻፍኩም፤ ለአባቴ ጠመንጃ እንጂ ለቴኔንቴው የተማርኩት ሥራ አይደለም። ያንን ሚዛንና ያንን ብረት በቤት ማኖር ወንጀል ከሆነ ወንጀሉ የእኔ ነው። ዘበኛ መላክ አያስፈልግም፣ በእግሬ እመጣለሁ።

ይህን ሁሉ የማያምኑኝ ከሆነ አንድ ልመና ብቻ ይቀረኛል። ቴኔንቴው ከመተኮሳቸው በፊት ባለቤቴን ይፍቱልኝ። እሱ ቤቱ ከገባ በኋላ የወደዱትን ይተኩሱ።

ለሥልጣንዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

ቡዜ ሊካሳ
(የጣት ምልክት)

ግልባጭ፦
ለአቶ ገብረጻድቃን፣ እስር ቤት፤ ዘበኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብለት።
ገብሬ፣ ዕቃው የእኔ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ የምትከልለው ነገር የለም። እጅህን ከባሩዱ አንሳና «አላውቅም» በል። ከተጋባን ጀምሮ ይህ ቃል ከአፍህ ወጥቶ አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ በላቸውና ወደ ቤትህ ና።