አርባ ሰባቱ ነጭ አበቦች

ወንድሜ ጠመኔው፣

መጀመሪያ ይህን ተረዳልኝ፤ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት እዚህ ተራራ ጫፍ ላይ አንተ ቁጥር እየጠራህ እኔ እየጻፍኩ ከቆጠርናቸው አርባ ሰባት ነጭ አበቦች ዛሬ ሦስት ብቻ ቀርተዋል።

በአራት ሚስማር የከለልናት አንድ ካሬ ሜትር እንዳለች ናት። ብርዱ ግን ቀንሷል፤ እታች በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር የረበሸ ተማሪ እናስነቅለው የነበረው ሳር እዚህ ድረስ ወጥቶ ቦታውን ይዞታል። ተንበርክኬ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

በዕድሜ ልጄ የምትሆነው አሁን ተራራውን የሚያጠናው ቡድን ኃላፊ የድሮውን ቁጥራችንን አይታ ሳቀች። «አባባ፣ ይሄን ያህልማ አይጠፋም። ያኔ አንዱን ሁለቴ ሦስቴ እየቆጠራችሁት ነው።»

«እኛ? ተለዋውጠን ቆጥረን፣ ካልገጠመ ከአንድ እንጀምር ነበር እኮ!»

«ማስረጃ አለዎት?»

በእጄ የለኝም። በወሩ መጨረሻ የድሮውን ቁጥር ከሪፖርቱ ልትሰርዘው ነው። ያኔ አበቦቹ መጥፋታቸው ቀርቶ ድሮ መኖራቸውም አይታወቅም። አርባ ዓመት የተማሪ ስሌት ሳርም ኖሬ በስተርጅና ኤክስ ተደረገብኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እትዬን ሳምልኝ፤ ጉልበቷ እንዴት ነው? ያኔ ቁጥሩን የጻፍኩበት ደብተር አንተ ዘንድ ነው፤ ሁለታችን የፈረምንበትን ገጽ ከደብዳቤ ጋር ዛሬውኑ ላክልኝ።