ላኪውን የማይናገር አዋጅ

ሰቆጣ፣ የካቲት 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ ለአስቻለች
ቤይሩት

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጩ አውራ ዶሮ ከዛሬ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳይወጣ፣ ሙቀቱን ፈልጎ ቢወጣም እንዳይጮህ፣ ቢጮህም እንዳይኩስ ታውጇል። አዋጁን የሚተላለፍ ዶሮ ቢኖር፣ ዛሬ ቅበላ መሆኑን አይዘንጋ!

እንዴት ሰነበትሽልኝ፣ አስቹ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ እንደ አበርገሌ መንገድ ሆኗል፤ ቢወጡበትም ቢወርዱበትም ያስለቅሳል።

“አባባ፣ ቀልዱን ትተው ይንገሩኝ” እንደምትይ አውቃለሁ። እሺ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ሲዲ አለ። ባለፈው ስትደውይ እያለቀስሽ የለመንሽኝ የአያትሽ የወለተ ጊዮርጊስ ድምፅ ነው። ነሐሴ ላይ ስንቀብራት አንቺ አልነበርሽም፤ ያ በሆድሽ እንደቀረ ከድምፅሽ ለይቻለሁ። ደግነቱ አምና በሚያዝያ፣ ገና ደህና ሳለች፣ አንቺ በላክሽልን ኮምፒውተር ተቀድታ ነበር። ሌላ ቅጂ ግን አልነበረንም። ይህም አንዱ ለጥቂት ነው የተረፈው። እንዴት እንደተረፈ ልንገርሽ።

ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ክፍል የተከራየችውን ሰርክአዲስን በስም ታውቂያታለሽ፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው የመንግሥት ሠራተኛ። ያለፈው ሳምንት ሐሙስ የስልኩን መስመር ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝታ ኢንተርኔት ስታይ ሰው ጠራትና ወጣች። ስትመለስ እኔ ቆቤን አውልቄ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ቀጥ ብዬ ቆሜ አገኘችኝ።

“ምነው አባባ፣ ምን ሆኑ?”

“አዋጅ ወጥቷል።”

አትሳቂ! ስክሪኑ ላይ ቀይ ጋሻ ወጥቶ ደወል ይደውላል። እንግሊዝኛ ባላውቅም ጋሻ አውቃለሁ። በጃንሆይ ጊዜ ገበያ መሀል ነጋሪት እየጎሰምሁ አዋጅ ስነግር የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አዋጅ ተቀምጠው አይሰሙም።

እሷ አነበበችልኝ። “ኮምፒውተርዎ ውስጥ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቫይረስ ተገኝቷል። አሁኑኑ በባንክ ካርድ ከፍለው መድኃኒቱን ካልወሰዱ ያለዎት ሁሉ ይጠፋል” ይላል። ቫይረስ ማለት ማሽኑን የሚያሳምም ክፉ ፕሮግራም ነው አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ የሰማሁት “ያለዎት ሁሉ” የሚለውን ነው። እዚያ ሣጥን ውስጥ ያለኝ ሁሉ የአያትሽ ድምፅ ነዋ።

በማግስቱ ማሽኑን በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ አህያ ላይ ጭኜ፣ ከተማ ኮምፒውተር ወደሚጠግን አንድ ጎረምሳ ወሰድሁት። ገና አይቶት “ሁሉንም ጠርገን እንደ አዲስ እንጫነው” አለኝ።

“ድምፁስ?”

“አብሮ ይጠረጋል፣ አባቴ።”

“አንተ ራስህ ተጠረግ!” ብዬው አህያዬን ነድቼ ተመለስሁ። ደግ ልጅ ነው፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ያን ቀን ግን ለአንቺ “እመቤትሽ ካርድ ካላት ለምኚልኝ” የሚል ደብዳቤ ጀምሬ ነበር። ሰርክአዲስ ብዕሬን ቀማችኝ። “አይቸኩሉ አባባ፣ ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሥራ የለኝም፣ አብረን እናየዋለን” አለች።

ቅዳሜ የስልኩን ሽቦ መልሰን ሰክተን፣ ኮምፒውተሩን ከፍተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ያ ጩኸታም ጋሻ ወዲያው ብቅ አለ።

“ዛሬ ስንት ነው የሚለው?” አልኋት።

“ሠላሳ ሰባት።”

“ሐሙስ አራት መቶ አልነበር? ማን ፈጃቸው?”

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጮኸ። “አሁን ዘጠኝ መቶ ሆኑ” አለች።

“ፍየልም እንዲህ አትወልድ! ለመሆኑ ላኪው ማነኝ ይላል?”

ቀረብ ብላ አየችው። “ይገርማል… እኔ የጫንሁት መከላከያ እኮ ሌላ ነው። ስሙም መልኩም ይህ አይደለም። እሱ ደግሞ ምንም አላለም።” ብድግ ብላ የስልኩን ሽቦ ነቀለች። ሽቦው እጇ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ያ ቀይ ጋሻ “በዚህ ደቂቃ በኢንተርኔት በኩል እየተጠቁ ነው!” ብሎ ደወለ።

ተያይተን ሳቅን። እኔማ እንባዬ እስኪመጣ።

ያኔ ነው የሥራዬ ነገር ትዝ ያለኝ። እውነተኛ ነጋሪ መጀመሪያ የላከውን ሰው ስም ይናገራል፤ ቀጥሎ ጉዳዩን ይናገራል፤ ከዚያ ነጋሪቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ከሰሚው እጅ ምንም አይቀበልም። ይህኛው ላኪውን ደብቆ፣ አስደንግጦ፣ አስቸኩሎ፣ እጁን ዘረጋ። “የሌባ አዋጅ ነው” አልኋት። “አባባ፣ እኔ ሦስት ዓመት ኮምፒውተር ተምሬ ደነገጥሁ፣ እርስዎ በነጋሪት ደረሱበት” አለችኝ። ይህን ቃል እንዳትረሺው ብዬ ነው የጻፍሁልሽ።

አወጣጡን ደግሞ ስሚ፤ አንድ ቀን ይጠቅምሽ ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ላይ “ዝጋ” የሚለውን ምልክት እንኳ አልነካችውም፤ እሱም ወጥመድ ሊሆን ይችላል አለች። ማሽኑን አጠፋችና እንደገና ሲነሳ አንዱን ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች፤ እንደዚያ ሲሆን የግድ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ብቻ ይነቃሉ፣ ጩኸታሙ ተኝቶ ይቀራል። ከሁሉ በፊት የአያትሽን ድምፅ ፍላሽ ላይ ገለበጠች። ከዚያ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍታ ሌባውን በስሙ አገኘችው፣ አጠፋችው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ የተከለውንም ሥር ነቀለች። በመጨረሻ በእውነተኛው መከላከያ አስፈተሸችው። የሌባው ጥቂት ትርፍራፊ ተገኘ፣ እሱም ተጠረገ። ዘጠኝ መቶው የት እንደገባ እንጃ!

አንድ ነገር ብቻ አልወደድሁላትም። ዝርዝሩ ላይ ሌባው የገባበት ቀን ተጽፏል፤ ሐሙስ። “አባባ፣ ሐሙስ እኔ ስወጣ ማን ነካው?” አለች።

“ዶሮው” አልሁ።

አላመነችኝም፤ አንቺም አታምኚኝም። ብልጭ ድርግም የሚል ነገር መጣና ጣቴን ሰደድሁ። ዶሮው ንጹሕ ነው፤ አዋጁ ግን አይሻርም፣ መኳሱ እውነት ነውና።

አስቹ፣ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ይህን ማሽን “እኔ ባልኖር ድምፄን ይስሙ” ብለሽ በሰው ሻንጣ ያስጫንሽ አንቺ ነሽ። የዕረፍት ቀኗን ለማታውቃት ለአንቺ የሰጠች ሰርክአዲስ ናት። እናቷ ደብረ ማርቆስ ሆነው ስለሚናፍቋት፣ እኔ እዚህ በእሳቸው ፈንታ እቆጣታለሁ። ሲዲውን የምታመጣልሽ ለዕረፍት መጥታ ወደዚያ የምትመለሰው የዝቋላዋ ማንጠግቦሽ ናት፤ አመስግኛት።

ሲዲው ላይ አያትሽ መጀመሪያ በቋንቋችን በኽምጣንጋ ትመርቅሻለች። ቀጥላ ስለ ፍየሎቹ ታወራሻለች። በመጨረሻም “እንደ ጌታሰው ያለ ጨዋ ባል በዋግ ምድር አልተፈጠረም” ብላ ታመሰግነኛለች። እሱን ደጋግመሽ ስሚው።

የወጣሽበት በር ለመመለሻሽ ክፍት ይሁን። የሰው አገር ፀሐይ አያክስልሽ፣ የሰው ቤት ሥራ አይስበርሽ። እኔም ሳልደነቁር በደጄ ድምፅሽን ያሰማኝ።

አያትሽ ጌታሰው

ሰርክአዲስ ይህን አንብባ “አባባ፣ ሲዲው እኮ ያጋልጥዎታል” ብላ ሳቀችብኝ። እንግዲህ የእኔንም የሐሰት አዋጅ ልሻረው። ያ “ጨዋ ባል” የሚለውን የፈጠርሁት እኔ ነኝ። አያትሽ የምትለው “አንተ ሰውዬ፣ ዝም በል እንጂ! ልጄን ላናግራት!” ነው። ከኋላዋ የሚለፈልፈው እኔ ነኝ። በየቀኑ ከፍቼ እሰማታለሁ። በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ታዝዣት አላውቅም፤ አሁን ግን ዝም በል ስትለኝ፣ ዝም እላለሁ።